ሞተሪኖ ከመግዛትህ በፊት ጥርሱን ቁጠር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኳት የ1966 ሞዴል ኤምጂቢ አለችኝ። ቤታችን ፒያሳ ነው። ቁልፍ ስጠመዝዝ አንዳንድ ቀን ሞተሪኖው ዝዝዝ እያለ ባዶውን ይዞራል፤ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ሌላ ቀን ደግሞ ቋ ብሎ ይነክስና ድርቅ ይላል። ሲፈልገው ያለምንም ችግር ያስነሳል። አንዱ መካኒክ ሞተሪኖ ቀይር አለኝ። ሁለተኛው የቮላኖው ጥርስ አልቋል፣ በብየዳ እንሙላው አለኝ። ሦስተኛው የኋለኛውን ሞዴል ሞተሪኖ ከውጭ አስመጣና ተገላገል አለኝ። የማንን ልስማ?»

የማንንም ገና አትስማ። ሞተሪኖ ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ቮላኖ ደግሞ ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ጥርሳም ከባድ ክብ ብረት። ሁለተኛው መካኒክ በሽታውን ሳያውቀው አልቀረም። መድኃኒቱ ግን ከበሽታው ይብሳል። ሦስተኛው ደግሞ መኪናህ የየትኛው ዘመን እንደሆነች አልጠየቀህም። ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ኤምጂቢ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ተሠርታለች። ከላይ ስታያት አንድ ናት። ከኮፋኖ ሥር ግን ሁለት ዘር ናት። በ1967 መጨረሻ ማርክ ቱ የሚባለው ሲመጣ ብዙ ነገር አብሮ ተለወጠ። ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ገላ ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፍ፣ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ዞረ። የድሮው ዲናሞ ወጥቶ አልተርኔተር ገባ። ካምቢዮው ተለወጠ። ሞተሪኖውም አብሮ ተለወጠ። ያንተዋ ከዚያ በፊት ያለችው ናት።

የድሮው ሞተሪኖ አሠራሩ ቀላል ነው፣ ትንሽ ግን ባለጌ ነው። ትንሿ ጥርስ፣ ማለትም ፒኞኗ፣ የተቀመጠችው በጠመዝማዛ ዘንግ ላይ ነው። ሞተሪኖው በድንገት ሲፈተለክ ፒኞኗ በክብደቷ ምክንያት እኩል መዞር ያቅታታል። ስለዚህ በጠመዝማዛው ላይ ተንሸራታ ትሄድና የቮላኖው ጥርስ ውስጥ ትገባለች። ሞተሩ ሲነሳ ቮላኖው ይፈጥናትና መልሶ ወደ ቦታዋ ያባርራታል። የሚገፋት ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኮረንቲ የሚሠራ ማግኔት፣ የለም። ሶሌኖይዱ ከሞተሪኖው ተለይቶ የተቀመጠ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው። የኋለኛው ሞተሪኖ ግን ሶሌኖይዱን ጀርባው ላይ ተሸክሟል። መጀመሪያ ፒኞኗን ወደ ጥርሱ ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ኮረንቲ የሚለቀው። አንደኛው በሩን በእርግጫ በርግዶ ይገባል። ሁለተኛው አንኳኩቶ ይገባል። የድሮዎቹ የቮላኖ ጥርስ ቶሎ የሚበላው ለዚህ ነው።

አሁን «አንዳንድ ቀን» ወዳልከው ልምጣ። ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው።

ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ስታጠፋው ባገኘው ቦታ አይቆምም። አንዱ ፒስተን አየር ሲጨምቅ ይከብደውና እዚያው ይቆማል። ይህ ደግሞ በአንድ ዙር ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚሆነው፤ እነሱም ፊት ለፊት ናቸው። ስለዚህ ፒኞኗ ዕድሜ ልኳን የምትመታው የቮላኖውን ሁለት ቦታ ነው። ሌላው ጥርስ እንደ አዲስ ሆኖ ይቀመጣል። ባለስድስት ቢሆን ኖሮ ሦስት ቦታ ላይ ይበላ ነበር። ሞተሩ ትንሽ አልፎ በቆመበት ቀን መኪናህ ያለችግር ትነሳለች። ልክ የተበላው ላይ በቆመበት ቀን ወይ ትነክሳለች፣ ወይ ትስታለች።

ይህን በነፃ ማረጋገጥ ትችላለህ። እንቢ ባለችህ ጠዋት ቁልፉን አጥፋ። አራተኛ ማርሽ አስገባና መኪናዋን በእጅህ አንድ ስንዝር ያህል ግፋት። ማርሹን አውጣና እንደገና ሞክር። ወዲያው ከተነሳች ጥርሱ ነው። ተነክሶ ድርቅ ያለውን ሞተሪኖም በዚሁ ዘዴ ታላቅቀዋለህ፤ ማርሽ ላይ እንዳለች ወደ ኋላ ወዝወዝ ማድረግ ነው። የድሮው የሉካስ ሞተሪኖ ዘንጉ ጫፍ ላይ አራት ማዕዘን ጭንቅላት አለው፤ ትንሽ ክዳን ሊሸፍነው ይችላል። በቺያቤ ስታዞረው ፒኞኗ ትፈታለች። መዶሻ አያስፈልግም። ሞተሪኖ በመዶሻ የሚመታ መካኒክ ካየህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ።

ከገፋሃትም በኋላ ዝዝዝ ብቻ ካለች ጉዳዩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። የፍሪሲዮን ብናኝ ጠመዝማዛው ላይ ተጋግሮ ፒኞኗን ይይዛታል። ባትሪው ሲደክምም እንዲሁ ይሆናል፤ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ከተነሳ ፒኞኗን የሚወረውር ጉልበት አያገኝም።

ስለዚህ ሞተሪኖውን ከማውረድህ በፊት ኮረንቲውን እይ። እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የእንግሊዝ መኪና ላይ ሁለት ጊዜ ሞተሪኖ ቀየርኩ። ሦስተኛውን ልገዛ ስል ደንበኛዬ ቁልፍ ሲጠመዝዝ የቾኩ ሽቦ መጨስ ጀመረ። ለካስ ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ተበጥሷል። ያ ሁሉ ኮረንቲ መመለሻ ሲያጣ በቀጭኗ የቾክ ሽቦ በኩል ነበር የሚሄደው። ሁለቱም ሞተሪኖዎች ደህና ነበሩ። ደንበኛው እስከዛሬ ያስታውሰኛል፤ ሰላምታ ሲሰጠኝ «ጭሱስ?» ይለኛል።

የኮይሉን ገመድ ንቀልና ሞተሩ እንዳይነሳ አድርግ። ሰው ቁልፍ ይጠምዝዝልህ፣ አንተ ቴስተር ያዝ። ሞተሪኖው እየዞረ ባትሪው ላይ 10 ቮልት አካባቢ ካላገኘህ መጀመሪያ ባትሪውን ቻርጅ አድርግ። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ የባትሪው የማሳ ፖል ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው ገላ ላይ አድርግ። ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነበብክ ማሳህ ታሟል። በሌላው መስመርም፣ ከባትሪው ፖል እስከ ሞተሪኖው ብሎን ድረስ፣ እንደዚሁ ለካ። መገጣጠሚያዎቹን ፈትተህ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግና መልሰህ አጥብቅ። ክረምት ላይ ከነሐሴ ወዲያ የሚመጡልኝ የ«ሞተሪኖ» ችግሮች ብዙዎቹ እዚሁ ላይ ያልቃሉ።

ያንተዋ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ሁለት ባለ6 ቮልት ባትሪ ነበራት፤ ከወንበሩ ኋላ ወለሉ ሥር ጎን ለጎን ተያይዘው ይቀመጣሉ። ዛሬ ለመኪና የሚሆን ባለ6 ቮልት ባትሪ እዚህ አገር ማግኘት ስቃይ ነው። አባትህ በአንድ ባለ12 ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ካልቀየረው አንተ ቀይረው፤ ከሁለቱ ሳጥን በአንዱ የሚገባ መጠን ፈልግ። ሁለቱን የሚያገናኘውን ገመድና ጣጣውንም ትገላገላለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማሳዋ ገና ፖዘቲቭ ከሆነ ከታክሲ ባትሪ ስትዋስ ተጠንቀቅ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ነው የሚገናኘው፤ እሱ አይለወጥም። ግን የሁለቱ መኪኖች ገላ ተቃራኒ ነው። ባምፐር ለባምፐር ከተነካኩ ብልጭታውን ከማዘጋጃ ቤት ሆነው ያዩታል። ሹፌሩ በልምድ አንዱን ጫፍ ገላ ላይ እንዳይሰካብህም አጠገቡ ቁም።

ኮረንቲው ደህና ከሆነ ሞተሪኖውን አውርድ። ባትሪውን መጀመሪያ ንቀል። ሞተሪኖው ያለው ከሞተሩ በስተቀኝ፣ እሳት በሚያከፋፍለው በስፒንትሮጅኑና በዘይት ፊልትሮው በኩል ነው። መሪዋ በግራ ከሆነ ዕድለኛ ነህ፤ የመሪው ዘንግ መንገድህ ላይ አይቆምም። የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። የላይኛው ይቀላል፣ የታችኛው ያሰድብሃል።

ፒኞኗንና ጠመዝማዛውን በነጭ ጋዝ እጠብና በጨርቅ አድርቅ። ዘይት ወይም ግራሶ አትቀባው። ይህን ስል መካኒኮች ይስቁብኛል፤ ብረት ሲያዩ እጃቸው ወደ ግራሶ ነው የሚሄደው። ግራሶ የፍሪሲዮኑን ብናኝ ይሰበስብና በወሩ ወደነበርክበት ይመልስሃል። ፒኞኗን በጣትህ ስትገፋት በጠመዝማዛው ላይ ሰተት ብላ መሄድ፣ ስትለቃትም ያለምንም መያያዝ መመለስ አለባት። ትልቁ ሞላ ከተሰበረ ወይም የፒኞኗ ጥርስ አፉ ከተጨፈለቀ ያንን ክፍል ብቻ ቀይር። ሞላውን ስትፈታ ግን በማጥበቂያ ተጭነህ ያዘው። ተፈናጥሮ ፊት ያበላሻል።

ኮረንቲ ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፉትን ካርቦኖች ለካ። ከ8 ሚሊ ሜትር ካነሱ ይቀየራሉ። ሁለቱ ከጥቅሉ ሽቦ ጋር፣ ሁለቱ ከክዳኑ ጋር በብየዳ የተያዙ ናቸው። ካርቦኑ የሚሄድበትን መዳብ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አጽዳው። ሽቦ የሚጠመጥሙ ልጆች ጋ የምትወስደው ከሆነ ግን አንድ ነገር ንገራቸው። ዲናሞ ላይ እንደለመዱት በመዳቦቹ መካከል ያለውን መከለያ በመጋዝ እንዳይቆፍሩት። ሞተሪኖ ላይ ያ ክልክል ነው። ዘንጉ ከተንቀለቀለ የሚዞርበት ቀለበት፣ ማለትም ብሮንዚናው፣ አልቋል። አዲሱን ብሮንዚና ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው። ብረቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ዘይቱን ይጠጣል፤ ወደፊት የሚለሰልሰው በዚያ ነው። ከገባ በኋላ ውስጡን ቶርኖ ቤት ወስደህ አታስፋው። ቀዳዳው ይደፈናል።

ሞተሪኖው ወርዶ ሳለ ዋናውን ሥራ ሥራ። ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጣ። በሞተሪኖው ቀዳዳ የእጅ ባትሪ አብርተህ የቮላኖውን ጥርስ እያየህ ሞተሩን ቀስ ብለህ በእጅ አዙር። የመጀመሪያው ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግና እየቆጠርክ ሂድ። የተበላውን ስንት እንደሆነ፣ ሌላውን ስንት እንደሆነ ጻፍ። ሁለት ቦታ ተበልቶ ሌላው ደህና ከሆነ የተናገርኩት ልክ ነው። አፉ ላይ ብቻ ትንሽ የተላጠ ከሆነ ፒኞኗን አጽድተህ ብዙ ጊዜ ልትነዳት ትችላለህ። ጥርሱ ግማሹ ከሄደ ወይም የተሰበረ ካለ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም።

አዎ፣ ሞተሩ። ኤምጂቢ ላይ ካምቢዮውን ብቻ ከሥር ማውረድ አይቻልም። ወይ ሞተሩን ብቻ፣ ወይ ከነካምቢዮው ወደ ላይ ታነሳለህ። «ከሥር ሆነን በግማሽ ቀን እንጨርሰዋለን» የሚልህ ሰው ይህችን መኪና ነክቶ አያውቅም።

ብየዳውን በተመለከተ፣ አይሆንም። ጥርሱን በብየዳ ሞልተው በሞረድ ሲቀርጹት ለዓይን ያምራል። ግን የተበየደው ቦታ አንዱ ጋ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ በሙቀቱ ይለሰልሳል። የእያንዳንዱን ጥርስ ቅርጽ በእጅ እኩል ማድረግም አይቻልም። ፒኞኗ ሁለት ወር ስትመታው ተሰብሮ ካምቢዮው ቤት ውስጥ ይወድቃል። ቮላኖው ደግሞ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር የሚዞር ከባድ ብረት ነው። በአንድ ጎን ብረት ከጨመርክበት ሚዛኑን ያጣል።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። የቮላኖው ጥርስ ከቮላኖው ጋር አንድ አካል አይደለም። ቮላኖው ላይ በሙቀት የገባ ቀለበት ነው። ስለዚህ ብቻውን ይቀየራል። እንግሊዝ አገር ዛሬም አዲሱ ይሸጣል፤ የኤምጂቢ ዕቃ በብዛት ይሠራል። ስታዝ ግን ሞተሪኖና ቮላኖ ብትል የሚሰማህ የለም። እነዚህ ጣልያን ትቶልን የሄደው ስሞች ናቸው። ቮላኖውን ፍላይዊል፣ ቀለበቱን ሪንግ ጊር በል፤ የመኪናዋን ዓመትና የሞተሩን ቁጥር አስቀድም።

አዲስ እስኪመጣ መጠበቅ ካልፈለግክ፣ ወይም ገንዘቡ ካልተመቸህ፣ የድሮ ዘዴ አለ። እኔ በጣም የምወደው ነው። ቀለበቱ ሳይሰበር በሙቀት ይወጣል። ሩብ ዙር፣ ማለትም 90 ዲግሪ፣ ይዞርና ተመልሶ ይገባል። ሞተሩ የሚቆምባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ያልተነካው ጥርስ ይመጣል፤ የተበላው ፒኞኗ ስትገባ በማትመታበት ጎን ይሄዳል። መገልበጥ ግን ክልክል ነው። የጥርሱ አንደኛው ጎን ፒኞኗ በቀላሉ እንድትገባ ተሞርዷል። የተሞረደው ጎን ፒኞኗ የምትመጣበትን አቅጣጫ ማየት አለበት። ሳታወጣው በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ በኋላ ከሦስት ሰው ጋር ትከራከራለህና።

አዲስ ከገዛህ የድሮውን ቀለበት በሁለት ጥርስ መካከል በመሮ ሰንጥቀህ ታወጣዋለህ፤ ቮላኖውን ግን እንዳትነካው። አዲሱ እንዲገባ መሞቅ አለበት። የአምራቹ መመሪያ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ብረት 300 ዲግሪ ሲሞቅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። የምትገባው በዚያች አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ቶርኖ ቤት የሙቀት መለኪያ ከሌለ በቀለም ይታያል። ቀለበቱን ጥቂት ቦታ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አብርተው። በኦክሲጅን እሳት ዙሪያውን እያንሸራሸሩ ያሙቁት፤ አንድ ቦታ ላይ አይቁሙ። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይመጣል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ። ፈካ ያለ ሰማያዊ ሲሆን በፒንሳ አንስቶ ቮላኖው ላይ ማስቀመጥና ዙሪያውን ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው። ሰማያዊውን አልፎ ከቀላ ጥርሱ ጥንካሬውን አጣ፤ እንደ ሊጥ ይበላል። ሲያልቅ በራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ የሚያፈስ ሰው ካለ ባልዲውን ደብቅበት።

ሞተሩ ወጥቶ ሳለ ጥቂት ነገር አብረህ ጨርስ። ያንተዋ ባለአምስት ብሮንዚና ሞተር ስለሆነች ኋላዋ ላይ የዘይት ጎሚኒ አላት፤ ቀይረው። የቮላኖው ፊት በሙቀት የተሰነጠቀ መሆኑን እይ። ቮላኖውን ከመፍታትህ በፊት ከክራንኩ ጋር ምልክት አድርግ። የፍሪሲዮኑን መጫኛ ደግሞ እይ። ይህች መኪና ኩሽኔታ የላትም፤ የካርቦን ቀለበት ነው። ሜክሲኮ መብራት ላይ ፍሪሲዮን ረግጠህ ስትቆም የሚያልቀው እሱ ነው። ማርሽ አውጣና እግርህን አንሳ።

የሦስተኛው መካኒክ ሐሳብ አለ ገና። ከ1968 ወዲህ ያለው ሞተሪኖ ያንተዋ ላይ እንዲሁ ተነስቶ አይገባም። ቮላኖው፣ የሞተሩ የኋላ ሳህን፣ ጥርሱ የተሞረደበት ጎን፣ ሁሉም አብረው ነው የተለወጡት። አንዱን ብቻ ወስደህ ከገጠምክ ያለህን ጥርስ ትፈጫለህ። ዛሬ ለድሮዎቹም ሆነ ለኋለኞቹ ለየብቻ የሚሸጡ ቀላልና ጉልበታም ሞተሪኖዎች አሉ። ጥሩ ናቸው። ግን ብዙዎቹ ውስጣቸው ማግኔት ስለሆነ ማሳ ይመርጣሉ፤ ፖዘቲቭ ማሳ ላይ ከገባ በተቃራኒው ይዞራል። ያንተ የድሮው ሉካስ ግን ማግኔት ሳይሆን ጥቅል ሽቦ ስለሆነ ማሳውን ብትለውጠውም በዚያው አቅጣጫ ነው የሚዞረው። እኔ ብሆን የድሮውን አድሼ እይዛለሁ። ሶማሌ ተራ ገብተህ «የሚመስል» ሞተሪኖ እንዳትገዛ። ፒኞኗ ብትመስልም ጥርሷ አይገጥምም። ለብሎን፣ ለገመድ፣ ለኬብል ጫፍ ግን ሶማሌ ተራን የሚያህል የለም።

ይህን ሁሉ ሠርተህ ስታበቃ ጥርሱን ማን እንደበላው ካላወቅክ ግን አዲሱም ይበላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የእንግሊዝ ዝቅታ ላይ የተስተካከሉት ሁለቱ ኤስ ዩ ካርቡሬተሮች እዚህ ቤንዚን ያበዛሉ። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማስነሳቱ ይረዝማል፣ ሞተሪኖው ይሠቃያል። መካኒኮቻችን ደግሞ ጉልበት እንዲጨምርላት ስፒንትሮጅኑን አዙረው እሳቱን ያስቀድሙታል። ስትነዳ ደስ ትላለች። ስታስነሳ ግን ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ይፈነዳና ሞተሩ ወደ ኋላ ይረግጣል። ያን ጊዜ ፒኞኗ ጥርሱ ውስጥ ናት። ሞላ የሚሰብረው፣ ጥርስ የሚገምጠው ይህ ርግጫ ነው። «ቋ ብሎ ይነክሳል» ስትል መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። እሳቱ የሚመጣበትን ጊዜ በታይሚንግ መብራት አስለካ። ካርቡሬተሩንም ለዚህ ከፍታ አስተካክል።

ጥርሱን ቆጥረህ ስትጨርስ ቁጥሩንና ፎቶውን ላክልኝ፤ ቀለበቱ መዞር ይበቃዋል ወይስ አዲስ ይፈለጋል፣ ያን ጊዜ እነግርሃለሁ። እስከዚያው ማታ ስታቆማት አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጋት። ፒያሳ መኖር አንድ ጥቅሙ ይህ ነው። ጠዋት እንቢ ካለች ቁልፉን ክፈት፣ ፍሪሲዮን ርገጥና ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ልቀቅ። ቸርችል ሳትጋመስ ትነሳለች።